ለእናት የሚባለውና ለጓደኛ የሚባለው፦ ከእንግሊዝኛ ወደ ጃቫኛ ቃል ስትመልሱ

ጥያቄ፦ «ሰላም። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራ ከኢንዶኔዥያ የጃቫ ደሴት የመጣች ልጅ አለች፣ አገሯ ቺላቻፕ ነው። ጃቫኛ ልማር ብዬ ወደ 150 የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፍኩና በስልኬ ተርጓሚ አስተረጎምኳቸው። አንድ ቀን እናቷ በቪዲዮ ሲደውሉ ‹በልተዋል?› ልላቸው ፈልጌ ‹ኮዌ ዊስ ማንጋን?› አልኳቸው። ልጅቷ ደንግጣ ስልኩን ወሰደችብኝ። በኋላ መዝገበ ቃላት ሳይ ለመብላት ብቻ ሦስት ቃል አገኘሁ፤ ማንጋን፣ ነዶ፣ ዳሃር። ትክክለኛው የቱ ነው? ደግሞ እሷ የምትናገረው ስልኩ ከሚለኝ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። በመጨረሻ፣ በአማርኛ ፊደል ብጽፈው ችግር አለው?»

መልስ፦

ሦስቱም ትክክል ናቸው እህቴ። ያልሽው ዓረፍተ ነገርም በሰዋስው በኩል ምንም አልጎደለውም። ለጓደኛሽ ብትያት ኖሮ «አዎ፣ በላሁ» ብላሽ ታልፍ ነበር። ለእናቷ ግን «አንቺ፣ በላሽ?» ነው ያልሻቸው። እንደውም ከዚያም ይከብዳል። ለምን እንደሚከብድ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እሱን ከያዝሽው ያንን የ150 ቃል ዝርዝር ራስሽ ታስተካክይዋለሽ።

እኛ አክብሮትን የምናሳየው በግሱ መጨረሻ ነው። በላሽ፣ በሉ። ሥሩ ያው ነው፣ አይነካም። ጃቫኛ ላይ ቃሉ ከነሥሩ ተነስቶ ሌላ ቃል ይቀመጣል። ማንጋን «ንጎኮ» የሚባለው ነው፤ ለጓደኛ፣ ለታናሽ፣ ቤት ውስጥ ለእኩያ የሚነገረው። ነዶ «ክሮሞ» ነው፤ ለማታውቂው ሰው፣ ለታላቅ፣ ለአማት፣ ለአለቃ የምትናገሪበት። ዳሃር ደግሞ «ክሮሞ ኢንጊል» ይባላል፣ ከፍ ያለው ክሮሞ እንደማለት ነው። ይሄኛው የሚገባው የሚበላው ሰው ራሱ የተከበረ ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሦስቱን እንደ ደረጃ ይቆጥራቸዋል። ዝቅ፣ መካከለኛ፣ ከፍ። እንደዛ ከያዝሻቸው ትሳሳቺያለሽ። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው ያሉት። አንደኛው «ለማን ነው የምናገረው?» የሚል ነው፤ ንጎኮ ወይስ ክሮሞ የሚለውን እሱ ይወስናል። ሁለተኛው «ስለ ማን ነው የምናገረው?» ነው፤ ከፍ ያለውን ክሮሞ የሚጠራው እሱ ነው። ሁለተኛውን እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ለጓደኛሽ «አንቺ» እያልሽ፣ በዚያው አፍሽ «አባትሽ መጡ?» ትያታለሽ። ጓደኛሽም ከአንቺ ጋር በንጎኮ እያወራች ስለ እናቷ ሲሆን «ኢቡ ላጊ ዳሃር» ትላለች፤ እናቴ እየበሉ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ንጎኮ ነው፣ ዳሃር ግን ለእናቷ የተሰጠ ክብር ነው።

ለእኛ እንግዳ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። በአማርኛ የሚሰማሽ ሰው ማንም ይሁን ዝናብ ዝናብ ነው። በጃቫኛ ለጓደኛሽ ዝናብ «ኡዳን» ነው፣ ለእናቷ ስትነግሪያቸው «ጃዋህ» ይሆናል። ዝናቡ የማንም አይደለም፣ የሚከበርም የሚናቅም ነገር የለውም፤ ቃሉ የተቀየረው የሚሰሙት እሳቸው ስለሆኑ ብቻ ነው። «አዎ» ለጓደኛ «ኢዮ» ነው፣ ለእሳቸው «ኢንጊህ»። «አይ» ለጓደኛ «ኦራ»፣ ለእሳቸው «ምቦተን»። «ሁለት» እንኳን «ሎሮ» የነበረው «ካሊህ» ይሆናል። ስልክሽ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻዋን ስትጽፊ ማን ለማን እንደሚናገር አልነገርሽውም። ያለ እሱ ደግሞ ትክክለኛ መልስ ሊኖር አይችልም።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ይሄንን እንድትይዢ ነው፦ ከፍ ያለውን ክሮሞ ስለ ራስሽ በፍጹም አትጠቀሚ። ትሑት ልሁን ብሎ የሚማር ሰው ሁሉንም ነገር በትልቁ ቃል ይሞላና «ኩሎ ዳሃር» ይላል። «እኔ በላን» እንደማለት ነው፤ ራስን በአደባባይ ማክበር። ስለ ራስሽ «ኩሎ ሳምፑን ነዶ» በይ፣ በልቻለሁ ማለት ነው። እናቷን ስትጠይቂ «ኢቡ ሳምፑን ዳሃር?»። አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት፣ ሁለት ቃል። ልብ ካልሽ «አንቺ» የሚለው ቃል ጭራሽ አልገባበትም። ለታላቅ የሚሆን «ፓንጀነንጋን» የሚል ቃል አለ፣ ግን «ኢቡ» ብሎ መጥራቱ ቀላልም የተሻለም ነው። እኛም «እማማ፣ በሉ?» እንላለን እንጂ «እርስዎ» እያልን አንደጋግምም።

ሌሎቹም ከዝርዝርሽ ውስጥ ያሉት በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። መተኛት ለጓደኛ ቱሩ፣ ስለ ራስሽ ለታላቅ ስትነግሪ ቲለም፣ የተከበረ ሰው ሲተኛ ሳሬ ነው። መሄድ ሉንጎ፣ ከሳህ፣ ቲንዳክ። ቤት ኦማህ፣ ግሪዮ፣ የተከበረ ሰው ቤት ሲሆን ዳለም። መታመም ሎሮ፣ ሳኪት፣ ግራህ። ሞት ላይ ማቲ፣ ፔጃህ፣ ሴዶ፤ ይሄኛው «ሞተ» እና «አረፉ» ስለምንል አይከብድሽም።

መስጠትና መናገር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እንግሊዝኛው ላይ ሰጠ ሰጠ ነው። ጃቫኛ አቅጣጫውን ይጠይቃል። እናትየው ለአንቺ ሲሰጡ «ማሪንጊ»፣ አንቺ ለእሳቸው ስትሰጪ «ኛኦሲ»። እሳቸው ሲናገሩ «ንገንዲኮ»፣ አንቺ ለእሳቸው ስትናገሪ «ማቱር»። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ድርጊት የራሱ ቃል አለው። «አመሰግናለሁ» የሚሉት «ማቱር ኑዉን» ውስጥ ያለውም ያው ማቱር ነው።

ይሄ ሁሉ አያስፈራሽ። ሦስት መልክ ያላቸው ቃላት በጣም የተለመዱት ናቸው፤ ስለ ሰውነት፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ መብላትና መተኛት። አብዛኛው የጃቫኛ ቃል አንድ መልክ ብቻ ነው ያለው። ጠረጴዛ ሜጆ ነው፣ ለንጉሥም ለሕፃንም። ድመት ኩቺንግ ነው። ኮምፒውተር ኮምፑተር ነው፣ ባቡር «ሰፑር» ነው፤ ይሄ ከደች የመጣ ነው፣ ብስክሌት የሚሉበት «ፒት»ም እንደዛው። እነዚህን ከዝርዝርሽ ላይ ቶሎ ጨርሻቸውና ጊዜሽን ለሌሎቹ ስጪ።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልለፍ፣ ከአክብሮት ጋር የማይገናኝ ነው። እንግሊዝኛን መነሻ ማድረግሽ ራሱ ጎድቶሻል። እንግሊዝኛው ሰፊ አድርጎ የሚጠራውን ጃቫኛ ይከፋፍለዋል። ሩዝን ውሰጂ። ማሳ ላይ የቆመው ፓሪ ነው። ተወቅቶ ገለባው ያልተላጠው ጋባህ ነው። ተፈትጎ ገበያ የወጣው በራስ። የተቀቀለው ሰጎ። ሲፈተግ የተሰባበረው መኒር። ሳህን ላይ የቀረችው አንዷ የበሰለች ፍሬ እንኳን «ኡፖ» የሚል ስም አላት። ጓደኛሽን «በራስ በላሽ?» ብትያት ጥሬውን ቆረጠምሽው ወይ ማለት ነው። እኛም ማንንም «ጤፍ በላህ?» ብለን አንጠይቅም፤ ጤፍ፣ ዱቄት፣ ሊጥ፣ እንጀራ እያልን ደረጃ በደረጃ ነው የምንጠራው። ክሮሞውም በየደረጃው ነው የሚመጣው፦ ፓሪ ፓንቱን ይሆናል፣ በራስ ዎስ፣ ሰጎ ሰኩል።

መሸከምም እንደዛው። በጨርቅ ጀርባ ላይ ማዘል «ንጌንዶንግ» ነው። በጭንቅላት ላይ «ኙንጊ»፣ በትከሻ ላይ «ማንጉል»፣ በብብት «ንገምፒት»፣ በእጅ አንጠልጥሎ «ኛንግኪንግ»፣ በሁለት እጅ ፊት ለፊት ታቅፎ «ምቦፖንግ»። በትከሻ ላይ በሚያርፍ እንጨት ግራና ቀኝ ጭነት አንጠልጥሎ መሄድ ደግሞ «ሚኩል» ነው፣ ይሄኛው እኛ ጋ የራሱ ግስ የለውም። አየሽ፣ ከእንግሊዝኛው ብትነሺ ለሰባቱም አንድ ቃል ነው የሚሰጥሽ። ከአማርኛ ብትነሺ «ማዘል» ብለሽ በቀጥታ ንጌንዶንግ ላይ ትደርሻለሽ። ልዩነቱ እኛ የምናዝለው በአብዛኛው ልጅ ነው፣ እነሱ ዕቃም ያዝላሉ። «ጃሙ» የሚባለውን የባህል መድኃኒት የሚሸጡ ሴቶች ጠርሙሶቻቸውን በቅርጫት አድርገው በጨርቅ ጀርባቸው ላይ አዝለው ይዞራሉ፣ ስሙም «ጃሙ ጌንዶንግ» ነው። ስለዚህ ዝርዝርሽን ከእንግሊዝኛው አላቂና በአማርኛ፣ ከቻልሽም በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊው።

ዘመድ ላይ ግን አማርኛም አያድንሽም። «አጎት» ስትዪ ጃቫኛ «ከአባትሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ይጠይቃል። ከበለጠ ፓክዴ፣ ካነሰ ፓክሊክ። አክስትም ቡዴና ቡሊክ ናት። የሚቆጠረው የወላጅሽ ታላቅ ወይም ታናሽ መሆናቸው ነው፣ የአንቺ ዕድሜ አይገባበትም። ወንድምና እህት ላይ ደግሞ ታላቅ ወንድም ካካንግ ወይም ማስ፣ ታላቅ እህት ምባክዩ ወይም ምባክ ሲሆኑ፣ ታናሽ ከሆነ ወንድም ይሁን ሴት «አዲ» ነው። ጓደኛሽ በዕድሜ ከበለጠችሽ ስሟ ላይ «ምባክ» ጨምሪበት። በጣም ደስ ይላታል።

እሷ የምትናገረው ከስልክሽ ጋር የማይገጥመው ለምን እንደሆነ ደግሞ ቺላቻፕ ያልሽው ይነግረኛል። መዝገበ ቃላቱም ትምህርት ቤቱም የሚይዙት የዮግያካርታንና የሱራካርታን ጃቫኛ ነው። የማታራም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1755 በጊያንቲ ስምምነት ለሁለት ሲከፈል ሁለቱ ከተሞች ሁለት ቤተ መንግሥት ሆኑ፣ የተጣራው ክሮሞም እዚያ ነው የተኮተኮተው። ቺላቻፕ ከዚያ ወደ ምዕራብ ነው፣ የባንዩማስ ዘዬ ይነገርበታል። እዚያ የቃል መጨረሻ ላይ ያለው «አ» እንደ «አ» ይነገራል፣ በዮግያ ግን «ኦ» ይሆናል። እስካሁን የጻፍኩልሽ ሁሉ በዮግያ አነጋገር ነው። ጓደኛሽ ሰጎን «ሰጋ»፣ ኩሎን «ኩላ»፣ «ምን» የሚለውን ኦፖ ደግሞ «አፓ» ትለዋለች። «እኔ» ለማለት አኩ ትላለች ብለሽ ስትጠብቂ «ኢንዮንግ» ትልሻለች። «እንዴት» ፒዬ መሆኑ ቀርቶ ከፕሪዌ፣ «ራበኝ» ሉዌ መሆኑ ቀርቶ ከንቾት። ተሳስታ አይደለም። ስልክሽ ዮግያን ነው የሚያውቀው፣ እሷ ደግሞ የአገሯን ትናገራለች። ይሄ የባንዩማስ ዘዬ በሌሎች ጃቫውያን ዘንድ የገጠር ንግግር እየተባለ ይናቃል፣ እኔን በጣም ያናድደኛል፤ የቃል መጨረሻ «አ»ን እንደጥንቱ ጠብቆ የያዘው እሱ ነው። ከእሷ ጋር የምታወሪ ከሆነ የእሷን ያዢ።

ክሮሞን ሁሉም ሰው ወዶ የሚናገረው እንዳይመስልሽ። በጃቫ፣ በብሎራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1890 ገደማ ጀምሮ ሳሚን ሱሮሰንቲኮ የሚባል ገበሬ የተከተሉት ሰዎች ለባለሥልጣንም ቢሆን ንጎኮ እንጂ ክሮሞ አንናገርም ብለው ነበር። ግብር አንከፍልም ከማለታቸው ጋር ተዳምሮ ያኔ አገሩን ይገዛ የነበረው የደች አስተዳደር በ1907 መሪያቸውን ይዞ ወደ ሱማትራ አጋዘው። በ1917 ደግሞ ሱራባያ ላይ ጃዋ ዲፓ የተባለ እንቅስቃሴ ተነስቶ ክሮሞ ይቅርና ሁላችንም በንጎኮ እንነጋገር አለ። አልተሳካለትም። እኔ በግሌ ሐሳባቸው ይገባኛል፤ አንድ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ማን በላይ ማን በታች እንደሆነ እንዲናገር የሚያስገድድ ነገር ሸክም አለው። ግን አንዲት ልጅ ለእናቷ «ዳሃር» ስትል ያለውን ፍቅርም ሰምቻለሁ፣ እሱንም መጣል አልፈልግም።

ዛሬ ብዙ ወጣቶች ሌላ መውጫ አግኝተዋል። ክሮሞ ስሳሳት ከማፍር ብለው ለታላቅ በኢንዶኔዥያኛ ይናገራሉ። ኢንዶኔዥያኛ ከማላይ የመጣ ሌላ ቋንቋ ነው፣ በ1928 የወጣቶች ቃል ኪዳን ላይ የአንድነት ቋንቋ ሆኖ ተመረጠ፣ ጃቫኛ ተናጋሪው በቁጥር ቢበልጥም። አንቺም ቃል ሲጠፋብሽ በኢንዶኔዥያኛ ብትሞይው እናትየው አይከፋቸውም። ስልክሽ ግን ሁለቱን ቢያደባልቅብሽ ተጠንቀቂ። ለምሳሌ «ሳኪት» እና «አያም» በኢንዶኔዥያኛ ተራ ቃላት ናቸው፣ መታመምና ዶሮ። በጃቫኛ ግን የክሮሞ ናቸው፤ ለጓደኛ ዶሮ «ፒቲክ» ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ ደግሞ «ጃቫ» ብቻ ካልሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ይመጣብሻል፣ «ባሳ ጃዋ» ብለሽ በላቲን ፊደል ፈልጊ።

መዝገበ ቃላት ካልሽ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የስቱዋርት ሮብሰንና የሲንጊህ ዊቢሶኖ መዝገበ ቃላት ጥሩ ነው፣ በ2002 የወጣ። የእያንዳንዱን ቃል ደረጃ በምህጻር ያሳይሻል። ቃል ስትፈልጊ ግን ሥሩን ነው መፈለግ ያለብሽ። ግሱ መነሻው ላይ የአፍንጫ ድምፅ ይጨመርበትና የመጀመሪያው ፊደል ይዋጣል። ማንጋን ሥሩ ፓንጋን ነው። መጻፍ «ኑሊስ» ነው፣ ሥሩ ቱሊስ። መጥረግ «ኛፑ»፣ ሥሩ ሳፑ። ማንጋንን በ«መ» ፈልገሽ ካጣሽው በ«ፐ» ሂጂ።

ለሚቀጥለው የቪዲዮ ጥሪ እነዚህን ብቻ ያዢ። ጠዋት ከሆነ «ሱገንግ ኤንጂንግ፣ ኢቡ»፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ማታ «ሱገንግ ሶንተን»። «ካዶስ ፑንዲ ካባሪፑን?» እንዴት ነዎት ነው፤ ካባር ከዐረብኛው ኸበር የመጣ ስለሆነ ዱባይ ላይ ጆሮሽ ለምዶታል። ጓደኛሽን ግን «ፒዬ ካባሬ?»፣ በእነሱ አገር «ከፕሪዌ ካባሬ?»። ስላለፈው ይቅርታ ለመጠየቅ «ኙዉን ፓንጋፑንተን፣ ኢቡ» በይ። እናትየው የውጭ ልጅ ስለሆንሽ ቀድሞውንም ይቅር ብለውሻል፤ የደነገጠችው ልጃቸው ናት፣ አንቺን ያስተማረችሽ እሷ እንዳትመስላቸው ፈርታ ይሆናል።

የፊደሉ ጉዳይ። በአማርኛ ፊደል መጻፍሽ ጥሩ ነው፣ በአንድ በኩል ከላቲኑ ይሻላል። ላቲኑ ለሁለት አናባቢ አንድ ፊደል ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚህ ሰጎ ውስጥ ያለው «ሰ» እና ሳሬ ውስጥ ያለው «ሬ» አናባቢያቸው አንድ ይመስላል። የእኛ ግዕዝና ኃምስ ይለዩአቸዋል። የራሳቸው ጥንታዊ ፊደልም 20 መሠረታዊ ሆሄያት አሉት፣ ሃናቻራካ ይሉታል በመጀመሪያዎቹ አምስት ፊደላት ስም፣ አናባቢውም እንደ እኛ ከሆሄው ጋር ይያያዛል።

ሦስት ቦታ ላይ ግን የእኛ ፊደል ይከዳሻል። አንደኛ፣ «ታመመ» እና «ሁለት» በዮግያ አነጋገር ሁለቱም ሎሮ ሆነው ነው የምንጽፋቸው፤ የመጀመሪያው ግን አፍ ሰፋ ተደርጎ የሚነገር ኦ ነው፣ በላቲን «ላራ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። አንቺ የቺላቻፕን ስለምትይዢ «ላራ» ብለሽ ጻፊው፣ ችግሩ ተፈታ። ሁለተኛ፣ ማንጋን ውስጥ ያለው «ንጋ» አንድ ድምፅ ነው፣ በአፍንጫ የሚወጣ፤ «ን» ብለሽ ከዚያ «ጋ» አትዪ። ሦስተኛውና ዋናው «ደ» ነው። ጃቫኛ ሁለት ዓይነት «ደ» አለው፤ አንዱ ምላስ ጥርስ ላይ ሲያርፍ፣ ሌላው ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ ላንቃ ሲነካ። በጥርሱ «ወዲ» ፈራ ነው፣ በታጠፈው «ወዲ» አሸዋ ነው። «ተ»ም እንደዛው ሁለት ናት። ለታጠፈው «ደ» ድሮ ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የነበረውን «ዸ» ተጠቀሚ፣ ድምፁ በትክክል ያው ባይሆንም ለምልክት ይበቃል፤ ዸሃር፣ ነዾ፣ ፓክዼ። ለታጠፈው «ተ» ከሥሩ ነጥብ አድርጊበት። ከዚያ ጓደኛሽን አንድ በአንድ እያነበበች እንድትቀዳልሽ ጠይቂያት፣ ከየቃሉ አጠገብም ለእሷ ነው ወይስ ለእናቷ የሚለውን ጻፊ።